በሼርፖይንት ፍሬምወርክ ሥራ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሼርፖይንት ፍሬምወርክ ማይክሮሶፍት በ2017 እ.ኤ.አ. ለአጠቃላይ አገልግሎት ያቀረበው፣ ሼርፖይንት በተባለው የኩባንያው አገልግሎት የጋራ መሥሪያ ገጾች ላይ የሚቀመጡና በተጠቃሚው ብሮውዘር ውስጥ የሚሠሩ ክፍሎችን ለመገንባት የሚያስችል መሣሪያ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ ከደንቢያ፣ ከፎገራና ከሊቦ ከምከም የሚላኩ የእምቦጭ አረም ሪፖርቶች የሚታዩበትን ክፍል የሚሠራ ጀማሪ ባለሙያ አለ እንበል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉትን ሪአክት የተባለውን የኮድ ስብስብና ታይፕስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ቢያውቅም እንኳ የሚከተሉት ስህተቶች ሊያጋጥሙት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የግንባታ መሣሪያዎቹ የሚሠሩበትን ኖድ ጄኤስ የተባለ ፕሮግራም የቅርብ ጊዜ እትም ሳያጣሩ መጫን ነው። እያንዳንዱ የፍሬምወርኩ እትም የሚቀበለው የተወሰኑ የኖድ እትሞችን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እትም 1.20 ከኖድ 18 ጋር፣ እትም 1.21 ደግሞ ከኖድ 22 ጋር ይሄዳል። ሁለት ፕሮጀክቶች የተለያየ ኖድ ሲፈልጉ ኤንቪኤም በሚባለው መሣሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየር ይቻላል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰዓት ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸው የሌሎች ሰዎች ኮዶች (ጥገኛ ጥቅሎች) የሚቀመጡበትን ማህደር እየሰረዙ እንደገና ማውረድም ጊዜና ገንዘብ ያባክናል። እነዚህን ጥቅሎች የሚያወርደው ኤንፒኤም ቀደም ሲል ያወረደውን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ በ«ፕሪፈር ኦፍላይን» አማራጭ መጫን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን የተሠራውን ክፍል ጠቅልሎ ወደ አፕ ካታሎግ፣ ማለትም የድርጅቱ መተግበሪያዎች ወደሚቀመጡበት ቦታ፣ የመጫን ሥራ ነው። ጋልፕ በተባለው የግንባታ መሣሪያ በሚሠሩት እትሞች የ«በንድል» እና የ«ፓኬጅ ሶሉሽን» ትእዛዞች ያለ «ሺፕ» አማራጭ ከተሰጡ፣ የሚወጣው ጥቅል ኮዱን የሚፈልገው ከገንቢው ኮምፒውተር፣ በፖርት 4321 ከሚገኘው ሎካልሆስት (ከራሱ ከኮምፒውተሩ አድራሻ) ነው። ገንቢው ባሕር ዳር ሆኖ ኮዱን ከራሱ ኮምፒውተር የሚያቀርበውን ሰርቨር በ«ጋልፕ ሰርቭ» ከፍቶ ሲመለከተው ያለ እንከን ይሠራል፤ ጎንደር ያለው ባልደረባው ግን የስህተት መልእክት ብቻ ያያል። ስለዚህ ሁለቱንም ትእዛዞች ከ«ሺፕ» ጋር መስጠት፣ ከዚያም ሰርቨሩን ዘግቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህን ፍተሻ ሳያካሂዱ ሥራ አልቋል ማለት ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ቀጣዩ ስህተት ቶሎ ስለማይታወቅ ይበልጥ ያሳስበኛል። ኮዱ መረጃ የሚጠይቅበት የሼርፖይንት ሬስት ኤፒአይ የሚፈለጉት መዛግብት ብዛት ካልተገለጸለት የሚመልሰው 100 መዛግብትን ብቻ ነው። ሙከራው በሃያ ሪፖርት ሲካሄድ ምንም ጉድለት አይታይም፤ ሪፖርቶቹ ከመቶ ሲያልፉ ግን የተረፉት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀራሉ፣ ድምሩም የተሳሳተ የአረም ስፋት ያሳያል። በጥያቄው ውስጥ በሚጻፈው የ«ቶፕ» አማራጭ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ፣ ዝርዝሩ ረጅም ከሆነም ቀጣዩን ገጽ የሚጠቁመውን አድራሻ እየተከተሉ ማንበብ ይገባል።

ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገጹ በእኛ ሰዓት ከተስተካከለ የዕለቱ መባቻ (እኩለ ሌሊት) በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት በዩቲሲ የዋዜማው 21:00 ሆኖ በጽሑፍ መልክ ስለሚመጣ፣ የጽሑፉን መጀመሪያ ብቻ ቆርጦ የሚያሳይ ኮድ የሐሙስን ምልከታ ረቡዕ ያደርገዋል። ጽሑፉን ወደ ቀን ቀይሮ ማሳየት፣ በገጹ የአካባቢ ቅንብር ውስጥም ከእኛ ጋር እኩል የሆነውን የናይሮቢን ሰዓት መምረጥ ያሻል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማቅረብ በብሮውዘሩ ውስጥ ያለው ኢንትል የተባለው የቀን ማቅረቢያ ይበቃል።