ጠገራ ብር ለመፈለግ ሜታል ዲቴክተርን በጎንደር አፈር ላይ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ሜታል ዲቴክተር (በመሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረትን የሚጠቁም መሣሪያ) አዲስ የገዛ ሰው መሣሪያውን እንዳበራ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ፋብሪካው «ሳንቲም» ብሎ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ስልት ነው። ይህ ስልት በአብዛኛው የተቀመረው በአሜሪካና በአውሮፓ ሳንቲሞች ልክ ስለሆነ፣ በጎንደር ግቢ ውስጥ የተቀበረ ጠገራ፣ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሽልንግ ለሚፈልግ ሰው እምብዛም አይበጅም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያወጣሁት ቆርኪና የጥይት ቀለሃ ብቻ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ከአክስቴ ሣጥን አንድ ጠገራ ተውሼ መሣሪያውን በእርሱ ልክ፣ በገዛ ግቢያችን አፈር ላይ ማስተካከል ስጀምር ነው።

ከማስተካከሉ በፊት ግን የት መፈለግ እንደሚፈቀድ ማወቅ ይቀድማል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር የተከለከለ ሲሆን፣ ሳይታሰብ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ሁሉ ይህ መሣሪያ ሊበራባቸው የማይገባ ቦታዎች ናቸው። አንድ ሳንቲም ከተኛበት የአፈር ንብርብር ሲነቀል የአካባቢውን ዕድሜ የሚናገረው ምስክርነቱ አብሮ ይጠፋል፤ ያን ደግሞ በኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው የራሱን ወይም ባለቤቱ የፈቀደለትን መኖሪያ ግቢ ለሚፈትሽ፣ ለምሳሌ ቤተሰቡ በክፉ ቀን ቀብሮት የቀረውን ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው ነው።

መሣሪያው የሚሠራው በዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ኮይል አማካይነት ወደ መሬት መግነጢሳዊ ሞገድ በመላክ ነው። ሞገዱ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል፤ ጅረቱ ደግሞ የራሱን ሞገድ መልሶ ይልካል። መሣሪያው የመልሱን መዘግየት ለክቶ ቁጥር ያወጣል፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ይህ ቁጥር ከ0 እስከ 99 ይደርሳል። ቁጥሩ የሚወሰነው በማዕድኑ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በስፋቱና በውፍረቱም ጭምር ነው። ከአንድ ዓይነት ብር የተሠሩት ጠገራና መሐለቅ የምትባለው የምኒልክ ዘመን ትንሽ ሳንቲም የተለያየ ቁጥር የሚሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) የሚለው ዓመት በላዩ ሳይለወጥ ለብዙ ዘመናት ስለተመታ፣ ሁሉም ጠገራ ለመሣሪያው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ከ0 እስከ 99 በሚቆጥር መሣሪያ ላይም 90 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የተመታው የምኒልክ ብር በክብደትም በቅይጥም ከጠገራ ጋር ስለሚቀራረብ ሁለቱን በድምፅ ለመለየት መድከም አያስፈልግም። አላዱ ግማሽ ክብደት ስላለው ዝቅ ይላል፤ ከአንድ ግራም ተኩል የማትበልጠው መሐለቅ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ትላለች። በላያቸው 1936 የሚል ዓመት ያለባቸው የነሐስ ሳንቲሞች ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋሉ። በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ሰዎች በብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ ስላሳለፉት በኋላ ጠርዙ እንዲሞገሞግ ተደረገ። የ1969ኙ ሽልንግና ስሙኒ ከመዳብና ከኒኬል ስለተቀየጡ መካከለኛ ቁጥር ነው የሚሰጡት፤ ከእነርሱ በኋላ በብረት ላይ ተለብጠው የወጡት ግን እንደ ሚስማር ይነበባሉ።

የሚፈልጉትን ሳንቲም አንድ ናሙና ያግኙ። አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ጆሮ የተበየደለት ጠገራ ቁጥሩ ትንሽ ሊዛባ ስለሚችል ያልተበሳ ቢሆን ይመረጣል። መሣሪያውን ምንም ማጣሪያ (የማይፈለግ ብረታ ብረትን ዝም የሚያሰኝ ማስተካከያ) ሳያደርጉበት ያብሩት፤ ኮይሉን ከወለሉ አርቀው በእንጨት ወንበር ላይ ያስቀምጡና ሳንቲሙን በ10፣ ከዚያም በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ፊት ለፊቱ ደጋግመው ያሳልፉት። ቀለበትዎንና የእጅ ሰዓትዎን ማውለቅ አይርሱ። ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሳንቲሙን በጠርዙ አቁመውም ይሞክሩ፤ ምክንያቱም መሬት ውስጥ ሁልጊዜ ተንጋሎ አይገኝም። ድምፁንም በጆሮ ማዳመጫ ያጥኑት። የጠገራ ድምፅ ክብና ጥርት ያለ፣ ከግራም ከቀኝም ሲመጡ የማይለወጥ ነው።

በአየር ላይ የተገኘው ቁጥር ግን ለጎንደር መሬት በቂ አይደለም። የጎንደር አፈር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ልጅ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ በውስጡ ማግኔት የሚስበው ማዕድን ስላለው መሣሪያው መሬቱን ራሱን እንደ ብረት እየቆጠረ ይጮኻል። ይህን የሚያስተካክለው የመሬት ሚዛን የሚባለው ማስተካከያ ነው። ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ይምረጡ፤ የሚዛኑን ቁልፍ እንደተጫኑ ኮይሉን ከመሬት 3 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፤ ሲወርድም ሲወጣም ድምፁ እኩል እስኪሆን ይቀጥሉ። ከቀይ አፈር ወደ ጥቁር አፈር፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ ቦታ በተሻገሩ ቁጥር ይህን መድገም ያስፈልጋል። ከዚያም ናሙናውን በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብረው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ አፈሩን በእግርዎ ጠቅጥቀው እንደገና ይለኩት። በእኛ ግቢ በአየር ላይ ጸንቶ የነበረው ቁጥር በአፈር ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዋልል ነበር፤ መፈለግ ያለበት ይህ በአፈር ውስጥ የተገኘው ክልል እንጂ የአየሩ ቁጥር አይደለም።

የመሣሪያውን ስሜታዊነት፣ ማለትም ደካማ ምልክት የመያዝ ኃይሉን፣ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ጥልቀት ይጨምራል ብሎ ማሰብ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ስሕተት ነው። ከፍ ባለ ቁጥር የመሬቱ ጫጫታም አብሮ ይጎላና የሳንቲሙን ድምፅ ይውጠዋል። መሣሪያው ያለምክንያት መጮኹን እስኪያቆም ድረስ ዝቅ ያድርጉት። ስልክዎን ያጥፉ፤ ከኤሌክትሪክ መስመርም ይራቁ። የሞገዱን ድግግሞሽ መምረጥ የሚቻል ከሆነ ለጠገራ 5 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለው ዝቅተኛው፣ ለመሐለቅ ደግሞ 15 ኪሎ ኸርዝና ከዚያ በላይ ያለው ይሻላል። በቆርቆሮ አጥርና በፌሮ አጠገብ ትንሽ ኮይል ይጠቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጣሪያው ላይ ነው። ብረትን ሙሉ በሙሉ ዝም ማሰኘት ሰላም ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ገንዘቡን በቆርቆሮ ጣሳ ከቶ ቀብሮት ከሆነ መሣሪያው የሚያየው ጣሳውን እንጂ ብሩን አይደለም፤ እርስዎም በላዩ ተራምደው ያልፋሉ። በሸክላ ገንቦ የተቀበረ ግን ብሩ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ የተጠራቀመ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው ብረቱ በወፍራም ድምፅ እንዲሰማ ትቶ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ብርቱ ድምፅ ሁሉ መመርመር ይሻላል። የጠፋ ነጠላ ሳንቲም ለሚፈልግ ደግሞ በአፈር ውስጥ ከለካው ክልል በታች ያለውን መዝጋት ይችላል።

ቆርኪ የብረት ዝርግ በመሆኑ ከፍ ያለ ቁጥር እያሳየ ያታልላል። ለመለየት ቦታውን አንድ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሌላ ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያሳልፉት፤ ከዚያም ድምፁ ከኮይሉ ጠርዝ ላይ እስኪወጣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡ። ቆርኪ ከሆነ ቁጥሩ ይዘላል፤ በጠርዙም የብረት ጉርምርምታ ይሰማል። ጠገራ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ያንኑ ይላል።

የጥይት ቀለሃ ከነሐስ ስለሚሠራ ቁጥሩ ከሳንቲም ጋር ይቀላቀላል። በጎንደር ዙሪያ የጣሊያን ጦር እጅ የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ከብርቱ ውጊያ በኋላ ስለሆነ ከቀለሃ የከፋ ነገርም ሊኖር ይችላል። በቁፋሮ ላይ ከባድ፣ ሾጣጣ ወይም ክንፍ ያለው ነገር ከታየ አይንኩት፤ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለፖሊስ ያሳውቁ።

ትክክለኛው ድምፅ ሲገኝ ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቆርጠው እንደ ክዳን ይገልብጡት፤ አካፋውን ከድምፁ መካከል አንድ ስንዝር አርቀው ይስደዱ፤ ወደ መጨረሻው በእጅዎ ያውጡት። የወጣውን ብር እንደ ልማዳችን በአመድና በሎሚ አይፈትጉት፤ የንግሥቲቱን ፊትና የጠርዙን ጽሕፈት ይበላዋል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ላይ እንዲደርቅ ይተዉት።