ሚል ወይስ ኤምኦኤ፦ የጠመንጃ መነጽር መለኪያ አመራረጥ

ወሎ ውስጥ ርቀት የሚታሰበው በሜትር ነውና ፈቃድ ላለው ጠመንጃ መነጽር የሚገዛ ሰው ሚል የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ቢመርጥ ይሻለዋል። 1 ሚል በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው የ0.1 ሚል ጠቅታ (የመነጽሩ ማስተካከያ ማዞሪያ አንድ እርምጃ) ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር። በ300 ሜትር አንዱ ጠቅታ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እዚያ ጥይቱ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ 5 ጠቅታ ወደ ላይ፣ አለቀ።

1 ኤምኦኤ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው፤ በ100 ሜትር 2.9 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የሩብ ኤምኦኤ ጠቅታ 0.73 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ይበልጥ ደቃቅ ነው፤ ለወረቀት ዒላማ ይመቻል። ኤምኦኤ የሚመቸው በያርድና በኢንች ለሚያስብ ነውና ለእነሱ ላልለመደ ግን ስሌቱ ያደክማል።

ከሁሉ የሚጎዳው ቅልቅል ነው። የውስጥ መስመሩ በሚል፣ ማዞሪያው በኤምኦኤ የሆነ መነጽር ርካሽ ቢሆንም ይተውት። 2 ሚል ለማረም በ3.44 አባዝቶ ወደ 6.88 ኤምኦኤ መቀየር፣ ከዚያም 27 ወይም 28 የሩብ ኤምኦኤ ጠቅታ መቁጠር ግድ ይላል።

ርቀት ለመገመት የዒላማውን ቁመት በሜትር ወስደው በ1000 ያባዙና ዒላማው በውስጥ መስመሩ ላይ በሚይዘው ሚል ያካፍሉ፤ የግማሽ ሜትር ሰሌዳ 2 ሚል ከያዘ 250 ሜትር ነው። ማጉያው ሲዞር መስመሩ ከዒላማው ጋር አብሮ የማያድግ ከሆነ ይህ የሚሠራው አምራቹ በጠቀሰው የማጉላት መጠን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ተዳፋቱን ግን የትኛውም መለኪያ አይፈታውም። በ30 ዲግሪ ቁልቁል 300 ሜትር ላይ ላለ ዒላማ እንደ 260 ሜትር ያርሙ። ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ መነጽር ደሴ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ በሩቁ ጥቂት ከፍ ብሎ ሊመታ ይችላል፤ እዚያው ይፈትሹት።