ፒያሳ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ኮዱ ግን «የለም» ይላል

ባለፈው ሳምንት ጠዋት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ ኬክ ቤት ያላቸው እናት ናቸው። ድረ ገጻቸውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ፊት ለፊቴ ካለው ሕንፃ አንድ ደንበኛዬ ኬክ ሊያዝ ቢል ‹ወደ እርስዎ ሰፈር አናደርስም› አለው። እሱ እኮ በመስኮቱ ያየኛል!» አሉኝ። ካዛንቺስ ያለው ሰው ያለ ችግር ያዛል። ሜክሲኮም እንዲሁ። «እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» አልኳቸው።

የማድረሻ ሒሳቡ የተቀመጠው በአንድ የጃቫስክሪፕት (ድረ ገጽ በሚሠራበት የኮድ ቋንቋ) ኦብጀክት፣ ማለትም ስምና ዋጋን በጥንድ በሚይዝ ዝርዝር ነው፣ ስሙም ዋጋ። አራት ኪሎ 60፣ ካዛንቺስ 120፣ ሜክሲኮ 120 ብር። ፒያሳ ሱቁ ያለበት ሰፈር ስለሆነ በነፃ ነው፣ 0 ተብሎ ገብቷል። ለገሃር ገና ዋጋ ስላልተቆረጠለት ነል (ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ) ነው። ዝርዝሩ በከፊል ይሄው ነው። ግን ኦብጀክት ውስጥ አንድ ፕሮፐርቲ (አንዱ የስምና ዋጋ ጥንድ፣ ስሙ ቁልፍ ይባላል) መኖር አለመኖሩን በማየት ብቻ የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ በዚህ ዝርዝር ማሳየት ይቻላል። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ኤዲተር ላይ ግን በላቲን ነው የምትጽፏቸው።

አለ፣ ግን «የለም» ይለኛል

ምልክቱ ግልጽ ነው። ሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ዋጋው 0 ወይም ባዶ ጽሑፍ ወይም ፎልስ (ሐሰት) የሆነው ብቻ ይጠፋል። ኮዱን ስከፍት «ኢፍ (ዋጋ[ሰፈር])» የሚል መስመር አገኘሁ። ይህ መስመር «ሰፈሩ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ዋጋው እንደ እውነት የሚቆጠር ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ 0ን፣ ባዶ ስትሪንግን (ጽሑፍን)፣ ነልን፣ አንዲፋይንድን (ምንም ያልተሰጠውን)፣ ናንን (ቁጥር ያልሆነ ውጤትን) ሁሉ እንደ ሐሰት ይቆጥራል። «አለ ወይ?» እና «ስንት ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ እና ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ቁርጥ አድርጋችሁ ማወቅ አለባችሁ።

መፍትሄው «ኦብጀክት.ሃዝኦውን(ዋጋ, ሰፈር)» ነው። በ2022 ወደ ቋንቋው የገባ ነው፣ የኦብጀክቱን የራሱን ፕሮፐርቲ ብቻ ያያል፣ ዋጋው 0 ይሁን ነል አይገደውም። «ዋጋ[ሰፈር] || 100» (ዋጋው እንደ ሐሰት ከተቆጠረ 100 ውሰድ) የሚል መስመር ካላችሁም እሱንም ፈልጉት፣ ምክንያቱም ለፒያሳ ሰው 100 ብር ያስከፍላል። በ«??» ቀይሩት፤ «??» ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው ነል ወይም አንዲፋይንድ ሲያገኝ ብቻ ነው።

«ዋጋ[ሰፈር] !== አንዲፋይንድ» (ዋጋው ከአንዲፋይንድ ይለያል ወይ?) የሚሉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ግን አንድ ሰው ሆን ብሎ አንዲፋይንድ ካስቀመጠ ቁልፉ እያለ «የለም» ይላችኋል። ወደ ጄሰን (ዳታ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሲቀየር ደግሞ አንዲፋይንድ የያዘ ቁልፍ ጭራሽ ይወድቃል፣ ሰርቨሩ ጋ አይደርስም። ነል ግን ይደርሳል። ለገሃርን ነል ያደረግኩት ለዚህ ነው።

የለም፣ ግን «አለ» ይለኛል

ይሄኛው ተቃራኒው ነው። አንድ ጓደኛዬ ሲፈትሽልኝ የሰፈር መጻፊያው ላይ በላቲን ኮንስትራክተር ብሎ አስገባ። ገጹ ተቀበለው! በዋጋው ቦታ ላይም «ፈንክሽን ኦብጀክት» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ወጣ። ያኔ የተጠቀምኩት በ«ሰፈር ኢን ዋጋ» ነበር።

ምክንያቱ ፕሮቶታይፕ ነው። ቤት ጨው ሲያልቅ ጎረቤት ይኬድ የለ? ኦብጀክትም የተጠየቀውን እራሱ ጋ ሲያጣ ወደ ፕሮቶታይፑ ይሄዳል፣ እዚያም ካጣ ወደሚቀጥለው። ኮንስትራክተር እና ቱስትሪንግ የሚባሉት እዚያ ጎረቤት ቤት ነው ያሉት። «ኢን» የጎረቤቱንም ጨው ቆጥሮ «አለ» ይላል። እዚህም ሃዝኦውን ነው መድኃኒቱ።

ግን «ኢን»ን አትጣሉት። ብራውዘሩ አንድን ነገር ይችል እንደሆነ ስታጣሩ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ለምሳሌ ሰርቪስወርከር (ከገጹ ጀርባ የሚሠራ ኮድ) በናቪጌተር (ብራውዘሩን በሚወክለው ኦብጀክት) ውስጥ መኖሩን በሃዝኦውን ብትጠይቁ ፎልስ ይላችኋል፣ ምክንያቱም የተቀመጠው ፕሮቶታይፑ ላይ ነው። በ«ኢን» ብትጠይቁ በሚደግፍ ብራውዘር ላይ ትሩ ይላል። ክላስ (የኦብጀክት መሥሪያ ንድፍ) ውስጥ የምትጽፏቸው ሜተዶችም (ፈንክሽኖችም) ልክ እንደዚሁ ናቸው።

ኮንሶሉ በቀይ ሲጮህ

ኮንሶሉ፣ ማለትም ብራውዘሩ ስሕተት የሚያሳይበት መስኮት፣ ላይ «ሃዝኦውንፕሮፐርቲ (የሃዝኦውን የድሮው ዓይነት) ፈንክሽን አይደለም» የሚል ኤረር ከመጣ ኦብጀክቱ ያለ ፕሮቶታይፕ የተሠራ ነው፣ ወይም ከውጭ በመጣ ዳታ ውስጥ በዚያው ስም ቁልፍ ገብቷል። በሃዝኦውን ተኩት፣ አለቀ።

«ኢን» ራሱ ኤረር ከጣለ በቀኝ በኩል ያለው ነገር ኦብጀክት አይደለም ማለት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ከሎካልስቶሬጅ (ከብራውዘሩ ማስቀመጫ) ያነበባችሁትን ወደ ኦብጀክት በሚመልሰው በጄሰን ፓርስ ሳታሳልፉት ስትቀሩ ነው፤ የሚመጣው ስትሪንግ ነው፣ ከሌለም ነል።

ኤረር የማይጥል ግን የሚያስቀይም አንድ አለ። «!ሰፈር ኢን ዋጋ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቃለ አጋኖው የሚገለብጠው ሰፈርን ብቻ ነው፣ ከዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ፎልስ የሚባል ሰፈር ይፈለጋል። «!(ሰፈር ኢን ዋጋ)» በሉት። አሬይ (በተራ ቁጥር የተደረደረ ዝርዝር) ላይ ደግሞ «ኢን» የሚያየው ተራ ቁጥሩን እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም፣ ለእሱ ኢንክሉድስ አለ። ማፕ (ሌላው የቁልፍና ዋጋ ማስቀመጫ) ከሆነ የራሱን ሃዝ ተጠቀሙ።

እያየሁት «የለም» ይለኛል

በአማርኛ ቁልፍ የምትሠሩ ከሆነ ይሄን በደንብ አንብቡት፣ እኔን ግማሽ ቀን አስለፍቶኛል። ዝርዝሩ ላይ «ሰንጋ ተራ» አለ። ደንበኛው «ሠንጋ ተራ» ብሎ ጻፈ። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን በዩኒኮድ (በፊደላት መለያ ቁጥር ዝርዝር) ሠ ቁጥሩ 1220፣ ሰ ደግሞ 1230 ነው፣ ስለዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ኖርማላይዝ የሚባለው ፈንክሽንም እነዚህን አያዋህድም፤ ሞክሬዋለሁ።

አንድ አጭር ፈንክሽን ጻፉ። የሠን ቤት ወደ ሰ፣ የሐን እና የኀን ወደ ሀ፣ የዐን ወደ አ፣ የፀን ወደ ጸ ይቀይር። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስም አትርሱ፣ አለዚያ «ዓራት ኪሎ» ብሎ የጻፈ ሰው «ኣራት ኪሎ» ሆኖ ይቀርባችኋል። የዳር ክፍተቱን በትሪም አስወግዱ። ከሁሉ በላይ ግን ቁልፉ ሲቀመጥም ሲፈለግም በዚያው ፈንክሽን ይለፍ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የባሰ ነው። ካዛንቺስን ካዛንችስ ብሎ ለሚጽፈው ግን ይህም አይደርስለትም። ስለዚህ በመጨረሻ መጻፊያውን አንስቼ ሰፈሩ ከዝርዝር እንዲመረጥ አደረግኩት፣ ቁልፉንም ስም ሳይሆን አጭር መለያ ቁጥር።

የኬክ ቤቱ ኮድ አሁን በሦስት ደረጃ ይጠይቃል። ሃዝኦውን ፎልስ ካለ «ወደ እርስዎ ሰፈር አናደርስም»። ቁልፉ ኖሮ ዋጋው ነል ከሆነ «ዋጋውን ደውለው ይጠይቁ»። ከዚያ ውጭ ያለውን ቁጥር እንዳለ ያሳያል፣ 0 ሲሆን «በነፃ»። ከሰዓት በኋላ እትዬ ደወሉ። የፊት ለፊቱ ሰውዬ ኬኩን አዞ በአንዲት ልጅ እጅ ተልኮለታል። ከለገሃርም አንድ ሰው ዋጋ ጠይቆ ደውሎላቸዋል፣ 100 ብር በለው አሉኝ፣ ነሉን አውጥቼ 100 አስገባሁ።