የማክቤዝን ግብር በትምህርት ቤት መድረክ እንዴት እንደምናዘጋጅ

ደሴ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ድራማ ስሠራ ዓመታት ሆነኝ። እንደ ሼክስፒር ተውኔት፣ እንደ ማክቤዝ ሦስተኛ ገቢር፣ አራተኛ ትዕይንት ያስቸገረኝ ግን የለም። ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይዟል። አሁን ግብር ያበላል። ወዳጁን ባንኮን በዚያው ምሽት አስገድሎታል። የባንኮ መንፈስ መጥቶ የማክቤዝ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። ከማክቤዝ በቀር የሚያየው የለም።

ጽሑፉን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ እሱን ፈልጉ። ሙሉውን ተውኔት አትድፈሩ። ይህ ትዕይንት ብቻውን ይበቃል።

ከልምምዱ በፊት ልጆቹን ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ውሰዷቸው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት፣ እዚሁ ደሴ ያለ ቤት ነው። የንጉሥ ግብር ሲባል ማን የት እንደሚቀመጥ እዚያ ሆነው ያስቡ። በገዛ ግብሩ፣ በእንግዶቹ ፊት መቀመጫ ያጣ ንጉሥ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ለእንግዶቹ አግዳሚ፣ ለማክቤዝ አንድ በርጩማ። ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ከባዱ መንፈሱ ነው። በ1623 እ.ኤ.አ. የታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች መጽሐፍ መንፈሱ መድረክ ላይ ገብቶ እንዲቀመጥ ያዛል። እኔም እንደተጻፈው አደረግኩ። አንዱን ልጅ ዱቄት ቀብቼ ነጠላ አከናንቤ አስገባሁት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማክቤዝን የሚጫወተው ልጅ ቃሉ ጠፋበት፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሲያለቅስ አገኘሁት። ሦስት ወር የለፋበትን በእኔ ምርጫ አጣው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በርጩማዋን ባዶ ተዉአት። ሥራው ያለው ማክቤዝ ዓይን ላይ ነው። ከጣሪያው ክር አውርዱና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ከበርጩማዋ በላይ፣ የተቀመጠ ሰው ግንባር የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ልጁ ለሁለት ሳምንት ጨርቁን እያየ ይናገር። ከዚያ ክሩን አንሱት። ዓይኑ ያንኑ ቦታ ካልለቀቀ፣ ተመልካቹም እዚያ ሰው ያያል። እንግዶቹ ግን በርጩማዋን እንዳያዩ አደራ! እነሱ የሚያዩት ማክቤዝን ነው። ልጁ መጮህ ከጀመረ አስቁሙት። ጥፋተኛ ሰው መጀመሪያ ድምፁ ይሰበራል።

ሚስቱን የምትጫወተው ልጅ ለእንግዶቹ ፈገግ ትበል፤ በአንድ እጇ የባሏን አንጓ ጭምቅ አድርጋ ትያዝ።

አንድ ነገር ከቤታችን ጨምሩ፦ ማስታጠብ። ከምግቡ በፊት አንዷ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ ሁሉንም ታስታጥብ። ማክቤዝ ጋ ስትደርስ ውሃው ይርዘም፤ እጁን ደጋግሞ ይሽ። ጊዜ ካላችሁ የአምስተኛውን ገቢር መጀመሪያ አስከትሉ። ሚስቱ ተኝታ እየሄደች፣ ለእሷ ብቻ የሚታያትን ደም ለማስለቀቅ እጇን የምታሽበት ነው። ያንኑ ሳህን፣ ያለ ውሃ፣ ፊቷ አስቀምጡላት። ቀይ ቀለም አትግዙ።

እንግዶቹ ተበትነው ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲቀሩ በርጩማዋን አታንሷት። ማክቤዝም አይቀመጥባት። ቆሞ ይናገር፣ ቆሞ ይውጣ። መጋረጃው ከእሱ በኋላ ቀስ ብሎ ይዘጋ።