የልጅ እጅ ውልቅ ሲል ሐኪም ጋ እስክትደርሱ

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ታክሲው ሊያመልጠን ነው ብዬ በአንድ እጇ ብድግ ሳደርጋት ጯ ብላ አለቀሰች፣ ከዛ እጇ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ፣ ብስኩት ስሰጣት በሌላኛው ተቀበለችኝ። እብጠት የለ ምን የለ። ለካ ክርኗ ጋ አጥንቱ ከጅማቱ ትንሽ ሾልኮ ነው፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ሐኪሙ በሰከንድ መለሰውና ትንሽ ቆይታ በዛው እጇ ስልኬን ልትቀማኝ። ልጅ ስታነሱ በብብቱ ስር ያዙ እሺ።

ወድቆ ከሆነ ግን ወይ ካበጠ ወይ ከተጣመመ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጆች ላይ ውልቃት የሚመስለው ብዙ ጊዜ ስብራት ነው፣ ኤክስሬይ ሳይነሳ በአይን አይለይም፣ ስለዚህ ዩቲዩብ አይታችሁ እኔ ልመልሰው እንዳትሉ፣ አትጎትቱት፣ በቅባትም አትሹት።

እጁን እንዳለ ተዉት፣ አላስተካክልም በሉ። ነጠላ በሰያፍ አጥፋችሁ አንገቱ ላይ ቋጥሩና እጁን አሳርፉበት፣ ግን እንቢ ካለና በሌላ እጁ ደግፎ መያዝ ከፈለገ አትታገሉት። አምባር ካለው ሳያብጥ አውልቁ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙለት። እግር ከሆነ አታስቁሙት፣ ትራስ አድርጉለት። ወተትም ምግብም ይቆይ፣ ምናልባት በማደንዘዣ አስተኝተው ሊመልሱት ይችላሉ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ዋናው ጣቶቹን ማየት ነው፦ ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ወይ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ደነዘዘኝ ካለ አንድ ደቂቃ አትቆዩ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ መኪና ከተገኘ ደግሞ በተገኘው ውጡ።

ወጌሻ ጋ እንውሰደው የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። ወጌሻን ንቄ አይደለም፣ እኔም ልጅ ሆኜ ታሽቻለሁ፣ ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ከስር እያበጠ ደም ይቆማል፣ በዚህ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። አሁን ታስሮ ቤት የተኛ ካለና ለቅሶው እየባሰ ጣቱ እያበጠ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ፍቱትና ሆስፒታል ሂዱ።