ባዮ ማዳበሪያው «አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ

ባዮ ማዳበሪያ ከዘር ጋር የሚለወስ ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ ይሰጣል። ስለ እሱ ምሬት የሚሰማው ብዙ ጊዜ አውድማ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ባቄላው ወይም ሽምብራው ማበብ ሲጀምር ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት እግር አውጡ። ግን አትሳቡት፤ ከተሳበ ዋናው ነገር አፈር ውስጥ ይቀራል። በአካፋ ከነአፈሩ አንሱና ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። ከዚያ ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ፈልጉ፤ የባክቴሪያው ቤት እነሱ ናቸው፤ ባለሙያዎች ኖዱል ይሏቸዋል።

ሥሩ ባዶ፣ ቅጠሉ ቢጫ

ባክቴሪያው ማሳ ሳይደርስ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ነገር ሕይወት አለው፤ እንደ ዩሪያ ጥግ ላይ ተጥሎ አይከርምም። ሙቀትና ፀሐይ ይገድሉታል። እኔም አንድ ጊዜ ፓኬቶቹን መኪና ውስጥ ትቼ ገበያ ዞሬ ስመለስ እንደ ትኩስ ዳቦ ሞቀው አገኘኋቸው። ዝም ብለን ዘራናቸው። በኋላ ብንቆፍር አንድም እባጭ የለም።

ስለዚህ ስትገዙ የአገልግሎት ጊዜውን እዩ፤ ቆርቆሮ ሥር ከከረመ አትውሰዱ። ቤት ስትደርሱ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። በተለምዶ 125 ግራሙ ፓኬት ለአንድ ጥማድ ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትንሽ ስኳር በጥብጡ። ዘሩን አርጥቡት እንጂ አትዘፍዝፉት። ዱቄቱን ነስንሳችሁ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪጠቁር ለውሱ። ይህ ሁሉ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። የተለወሰው ዘር በዚያው ቀን፣ እርጥበት ባለው አፈር ይዘራ፤ ወዲያው አፈር ይልበስ። እንደ ዩሪያ ያለው የፋብሪካ ማዳበሪያ ግን የተለወሰውን ዘር አይንካው። የፈንገስ መድኃኒት የተቀባ ዘርም ባክቴሪያውን ሊጎዳ ይችላል።

ሌላው የዓይነት ስህተት ነው። ለእያንዳንዱ ሰብል የሚስማማው ባክቴሪያ ይለያያል። ባቄላ፣ አተርና ምስር በዚህ ነገር ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ዓይነት ይጋራሉ። ሽምብራ የራሱ አለው፣ አኩሪ አተርም የራሱ።

እባጭ አለ፣ ውስጡ ግን ቀይ አይደለም

በጥፍር ሰንጥቁት። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ደግሞ አፈሩ ውስጥ የነበረ ሰነፍ ባክቴሪያ ቀድሞ ቤቱን ይዞታል። አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል።

ዩሪያ አብዝታችሁ ከሆነም ጥፋቱ የእናንተ ነው። ናይትሮጅን በነጻ ያገኘ ተክል ባክቴሪያ ምን ቆርጦት ይቀልባል? ኤንፒኤስ የሚባለው የፋብሪካ ማዳበሪያ ራሱ 19 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ለመነሻ ይበቃል። ፎስፈረሱን ግን አትንፈጉት፤ ያለ እሱ እባጩ አይጠነክርም።

የተለወሰውም ያልተለወሰውም እኩል ነው

አስቸጋሪው ይህ ነው። በጎጃምና በወለጋ ደጋ እንደሚታየው አፈሩ አሲዳማ ከሆነ፣ በተለይ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ከወረደ፣ ባክቴሪያውም ተክሉም ይቸገራሉ። መፍትሄው ኖራ ነው፤ እሱም ከዘር ሳምንታት ቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበት። መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ውሃ ከተኛ ሥሩ አየር ያጣል። ቦይ አውጡለት።

አንዳንዴ ግን ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ባቄላና ሽምብራ ለዘመናት በተዘሩበት ማሳ ባክቴሪያው ቀድሞም ሊኖር ይችላል። አኩሪ አተር ለአገራችን አፈር እንግዳ ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እሱ ላይ ነው።

እባጩ በጣት ሲፈገፈግ አይለቅም

ኖዱል በቀላሉ ይለቃል። ሥሩ ራሱ አብጦ ከሆነ ኔማቶድ የሚባል ትል ሊሆን ይችላል፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳዩት። ቆርምድ ለሚባለው የባቄላ በሽታም ባዮ ማዳበሪያ መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ለከርሞ ሁለት ሦስት መስመር ሳትለውሱ ዝሩና አወዳድሩ። ያልተለወሰውን አስቀድማችሁ ዝሩ፤ የተለወሰ ዘር የነካ እጅ ባክቴሪያውን ይዞት ይሄዳል።