«ለጎረቤቴ ሠርቶለታል» ሲባል፦ አንድ ሕክምና በጥናት መደገፉን እንዴት እናጣራለን?

ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት አንድ አባት የሦስት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው ከዘጌ በጠዋት ጀልባ መጡ። ልጁን ተቅማጥ ይዞታል። ሕክምና አሳይተውታል። የተሰጣቸውን ከፌስታል አውጥተው መስኮቱ ላይ ዘረገፉት፤ ኦአርኤስ (ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት) እና አሥር ፍሬ ዚንክ።

«እህቴ፣ ይኼ ዱቄት ምን ሊረባው? ጉሉኮስ ስቀሉለት ብል እምቢ አሉኝ። የጎረቤቴን ልጅ ያዳነው እኮ ጉሉኮስ ነው።» ጉሉኮስ ያሉት በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ ነው።

ልጁ ግን የኔን እስክሪብቶ ለመንጠቅ እጁን ይዘረጋ ነበር። ስከለክለው አለቀሰ፤ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ውሃ ስሰጠው ጎንጨት አደረገ። ፈሳሹ ክፉኛ እንዳላለቀበት እነዚህ ምልክት ናቸው። ያን ቀን ከኋላቸው ሰልፍ ስለነበር አሰጣጡን ብቻ አሳየኋቸው እንጂ ለምን ኦአርኤስ እንደተመረጠ በደንብ አላስረዳኋቸውም። እስካሁን ይከነክነኛል። ያኔ በጥድፊያ ያለፍኩትን አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አስተካክሉ

«ጉሉኮስ ጥሩ ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለም። ለማን? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ምን እንዲያመጣ? እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ አስፍሩ። የኚያ አባት ጥያቄ እንዲህ ይሆናል፦ ተቅማጥ ለያዘው ነገር ግን መጠጣት ለሚችል ትንሽ ልጅ፣ ኦአርኤስ ከመጠጣትና በደም ሥሩ ፈሳሽ ከመስጠት የትኛው ይሻለዋል?

ከሦስቱ ሁሌ የሚረሳው «ከምን ጋር ሲነጻጸር» የሚለው ነው። የጎረቤት ልጅ ጉሉኮስ ተሰቀለለት፤ ዳነም። እውነት ነው። ባይሰቀልለትስ? አብዛኛው የሕጻናት ተቅማጥ ፈሳሹ እስከተተካ ድረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ ያዳነው መርፌው ይሁን ጊዜው፣ በአንድ ልጅ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በዐሥር ልጅም ያስቸግራል።

ቀጥሎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ፈልጉ

ቴሌግራም ላይ የሚዞር ጽሑፍ ማስረጃ አይደለም። ከጤና ሚኒስቴር የሕክምና መመሪያና ከዓለም ጤና ድርጅት ምክር ጀምሩ። ከዚያ ኮክሬን የሚባለው አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ አንድ ላይ ያጠቃልላል። ለተራ አንባቢ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያም አለው። ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የጥናቶችን አጭር መግለጫ በነጻ ታነባላችሁ። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ ሂናሪን ጠይቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት መጽሔቶችን የሚከፍትበት መንገድ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ የጤና ተማሪ አይጠፋም። አስነብቡት፤ ለሱም ትምህርት ነው።

ያገኛችሁትን ስታነቡ

እዚህ ጋ ቆም እንበል።

መጀመሪያ የምታዩት ታማሚዎቹ ለየሕክምናው በዕጣ መከፋፈላቸውን ነው። ሐኪሙ የባሰባቸውን መርጦ ለአንዱ ሕክምና፣ የተሻላቸውን ለሌላው ከሰጠ ንጽጽሩ ተበላሸ። ዕጣ ከወጣ ግን ሁለቱ ቡድኖች ይመሳሰላሉ። ልዩነት ከመጣ ከሕክምናው መጣ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የሰውን ብዛት እዩ። ቀጥሎ ምን እንደተለካ፤ ሞትና ሕይወት ነው ወይስ የላቦራቶሪ ቁጥር? ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነም አትለፉ።

በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን ግምገማ ከ1,800 በላይ ሕጻናት ያሉባቸውን 17 ጥናቶች አጠቃሏል። በተቅማጥ ፈሳሽ ላጡ ልጆች በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽና በደም ሥር የሚሰጠው ብዙም አይለያዩም። በአፍ ከታከሙ 25 ልጆች አንዱ ገደማ አልበቃው ብሎ ጉሉኮስ ያስፈልገዋል። በደም ሥር ከታከሙት ደግሞ አንዳንዶቹን ደም ሥራቸው የማበጥ ችግር ያጋጥማቸዋል። «25 ልጅ፣ አንድ ልጅ» ብላችሁ አስቡት። «4 በመቶ» ከማለት ይልቅ ለቤተሰብ የሚገባው ይኼ ነው።

ጉሉኮስ ቢያንስ አይጎዳም የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ አስብ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አሳቤን አስቀየረኝ። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በከባድ ትኩሳት የታመሙ፣ የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕጻናት በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንዳንዶቹ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ፤ ለሌሎቹ አልተሰጠም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው 100 ልጆች 10 ወይም 11 ሞቱ። ካልተሰጣቸው 100 ደግሞ 7 ገደማ። ብዙ ሐኪም ይረዳል ብሎ ያመነበት ነገር ነበር እኮ!

ግን ተጠንቀቁ፤ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ልጆች እዚያ ጥናት ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ «ጉሉኮስ ይገድላል» ብሎ ማውራት ሌላ ስህተት ነው። ዓይኑ የሰረጎደ፣ የደነዘዘ፣ መጠጣት ያቃተው ልጅ ፈሳሽ በደም ሥሩ ማግኘት አለበት፤ ያድነዋል። ሰገራው ደም ካለውም ቤት አይቆይም፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ጥናት ስታነቡ «እነማን ገቡ፣ እነማን ቀሩ?» የሚለውን የምትጠይቁት ለዚህ ነው።

ለኛ አገር ይሆናል ወይ?

ለዚህ ከጣና አጠገብ ምሳሌ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገዳይ በሽታ፣ ተነስቶ ነበር። ከዚህ አካባቢ ወደ ሑመራና መተማ ለቀን ሥራ የሚወርድ ሰው ብዙ ስለሆነ በሽታውን እናውቀዋለን። ፓሮሞማይሲን የሚባለው መርፌ ሕንድ ውስጥ ለ21 ቀን ተሰጥቶ ከ100 ታማሚ 95 ገደማ አድኗል። ያው መድኃኒት ሱዳን፣ ኬንያና ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሞከር፣ ጎንደርም አንዱ ቦታ ነበረች፣ ያዳነው 64 ገደማ ብቻ ነው። በሽታው በስም አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። በኋላ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከሚባለው ከቀድሞው የካላዛር መርፌ ጋር ተደርቦ ለ17 ቀን ሲሰጥ፣ የቀድሞው ብቻውን ለ30 ቀን ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ውጤት አመጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ መከረው። አጨዳ ለደረሰበት ገበሬ 13 ቀን ቀድሞ ቤቱ መግባት ምን ማለት እንደሆነ እሱን ጠይቁት።

ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ

በራሳችሁ መድኃኒት አትጀምሩ፤ አታቁሙም። ጥናቱ አንድ ነገር ነው፤ የሐኪሙ ልምድና የናንተ ኑሮ ተጨምረውበት ነው ሕክምና የሚወሰነው። ብዙዎቻችን ሐኪም መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። አይደለም። «ዶክተር፣ ባልወስደው ምን ይሆናል? ሌላ ምርጫ አለ? እንደኔ ካሉ 100 ሰዎች ስንቱን ይረዳል?» በሉ። ጀልባችሁ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ተመልሳችሁ መምጣት እንደማትችሉም ንገሩት። ሕክምናውን ሊቀይረው ይችላል።

አደራረጉንም አትርሱ

ማስረጃው ትክክል ሆኖ አሠራሩ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። አባትየው ዱቄቱን በሻይ ብርጭቆ ሊበጠብጡት ነበር። እንዲህ ከወፈረ ልጁን ይጎዳዋል። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ከመደርደሪያ አውርጄ አሳየኋቸው፦ አንዱን ፓኬት በሙሉ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ። በተቅማጠ ቁጥር ግማሽ ወይም አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ ቀስ እያለ። ዚንኩን በቀን አንድ፣ እስኪያልቅ። ቀኑንና ስንቴ እንደወጣ ደብተር ላይ እንዲጽፉም ነገርኳቸው።

በስድስተኛው ቀን ደወሉ። «ልጁ ከቆመለት ሦስት ቀኑ ነው። ዚንኩ አራት ፍሬ ቀርቷል፤ ላቁመው?»

«አይቁም አባባ። የቀረው ለሚቀጥሉት ወራት ነው፤ ተቅማጡ ቶሎ ቶሎ እንዳይመላለስበት ይረዳዋል።»

«እሱም ተጠንቶ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው፤ «ሲመጡ አሳይዎታለሁ።»